በረንዳ የተረሳበት ገበያ

…ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ አንቺም ከበረንዳው ጥግ ሳትነሺ፣ እኔም የጀመርኩትን ሱሪ ሳልጨርስ፣ ሕፃኗ በመካከላችን ተኝታ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደተናገረ አላስታውስም። አንቺ ይመስለኛል። ወይም እትዬ በየነች ናቸው፣ ከኮረሪማቸው ቁና ኋላ ሆነው፣ «አንቺ ሰፊ፣ ልጅቱ በርዷታል፤ ጨርቅ መቼም ሞልቶሻል» ያሉት። ከቁርጥራጩ መካከል ቀዩን መዝዤ አለበስኳት። እጄ ሲነካት ዓይኗን ገለጠች። አንቺ ያን ጊዜ ፊትሽን ወደ ዝናቡ መልሰሽ…

ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤ እንዲህ አይጀመርም።

ለልጄ እናት፤ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ወንዶቹ ልጆችሽ፣ ከብቶቹ፣ ዛፍ ላይ ያሉት ቀፎዎች ሁሉ ደኅና ናቸው? የያዮ ቡና ዘንድሮ ቅርንጫፉን አጎንብሶታል ሲሉ ሰማሁ፤ እሰይ፣ ደስ ብሎኛል። እኔ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ከሚያቅተኝ በቀር ምንም አልሆንኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጃችን ደኅና ናት። «ልጃችን» ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጽፌው ትንሽ ቆየሁ። አልሰረዝኩትም።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ኩምሳ፣ ያ የሁሩሙው ማር ነጋዴ፣ አህዮቹን ሳያራግፍ ነው የነገረኝ። «ጉልበቴ ጫካ ለጫካ መሄዱን እምቢ ብሎኛል፣ ቡናው ደርሷል፣ ተጂቱ ለለቀማው ትምጣልኝ፣ ደግሞም ልያት ብላሻለች» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መከልከል ትችያለሽ፤ ጉዲፈቻ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ያለቀ ነገር ነው» ብሎ ጨመረበት። ለእኔ አዝኖ ነው። መልስ ሳልሰጠው ከአንድ በላይ ገበያ አለፈ። በየገበያው እየመጣ ዓይኔን ያያል፣ ሳይጠይቀኝ ይሄዳል።

መከልከል እንደምችል አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ብርዝ ቀምሰው በመረቁን ዕለት፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህች ሴት ማኅፀን የወጣች ናት፤ የወለደቻት ልጄን ብላ አትጠይቅም» ሲሉ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። አንቺም ቃሉን ጠበቅሽ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። በገበያ ቀን ከያዮ መጥተሽ፣ ሸክምሽን አውርደሽ፣ ዝናብ እንደሚጠለል ማንም ሰው በረንዳው ጥግ ትቀመጪ ነበር። እሷ ከእግሬ ሥር ባዶ የክር ማጠንጠኛ ታንከባልላለች። «ልጅሽ አድጋለች» ትዪኝ ነበር። ልጅሽ። ዝናብ በሌለበት ቀንም ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቂ ነበር። አየሁሽ እንጂ አንድ ቀን እንኳ «ሰማዩ ብራ ነው» አላልኩሽም። ለዚያ ዝምታሽ እስከ ዛሬ አላመሰገንኩሽም። አሁን አመሰግንሻለሁ።

ያ በረንዳ ፈርሷል። ሰምተሻል። አንቺም ከፈረሰ ወዲህ አልመጣሽም። ጉልበቴ ነው ብለሽ ልከሻል፤ እኔ ግን ጉልበትሽ ብቻ አይመስለኝም። ስለዚህ የአዲሱን ገበያ ነገር ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አሮጌው የሱቅ ረድፍ ይፈርሳል፣ በቦታው የሲሚንቶ ሱቅ ይሠራል፣ መቱም ከተማ ትሆናለች የተባለ ጊዜ ደስ ያላለው ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። ከሶር ወንዝ አሸዋ ያመላለሱ ሴቶች አሉ። ከጎሬ የመጡ ሰዎች የተቆለለውን ድንጋይ እያዩ፣ «እናንተማ ልትበልጡን ነው» ሲሉን ኩራቱ ለብቻው አንድ ሳምንት አጠገበን።

መሐንዲሱ ከአዲስ አበባ የመጣው በጥር ነበር። የእኛን ጥር ታውቂዋለሽ፤ ይህ አገር ዝናብ አይቶ የማያውቅ የሚመስልበት ወር። አቧራው ጫማውን ሲያለብሰው እየሳቀ ያራግፍ ነበር። የገበያው ኮሚቴ ወይፈን አርዶ፣ ድንኳን ጥሎ ተቀበለው። ምሳው ሳያልቅ ፕላኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ጥያቄ ያለው?» አለ። ወንዶቹ ከበው አዩ። እኛም ሴቶቹ ከኋላ እየተንጠራራን አየን። በር አለ። መስኮት አለ፤ መስኮቱ መስታወት አለው። በረንዳ የለም። ሁሉም አይቷል። ግን እንግዳ ነው፤ የእኛን ሥጋ እየበላ ያለ እንግዳ፤ ጉርሻው ከአፉ ሳይወርድ «ተሳስተሃል» ማን ይበለው? እኔ ኦቦ ጅራታን አየሁ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ እሳቸው ይናገራሉ ብዬ። ኦቦ ጅራታ የኮሚቴውን ሊቀ መንበር አዩ። ሊቀ መንበሩ ብርሌውን አየ። «ጥያቄ ከሌለ…» አለ መሐንዲሱ። አጨበጨብን።

በኋላ ኦቦ ጅራታን ሰዎች ሲጠይቋቸው፣ «የተማረ ሰው ነው፤ በረንዳውን በሌላ ወረቀት ስሎት ይሆናል ብዬ ነው» አሉ። አትሳቂ። እኔም ልክ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

የነጻነት በዓል ዕለት ተመረቀ። ባንዲራ ተሰቀለ፣ ተማሪዎች ዘመሩ፣ ሪባኑ ተቆረጠ። ጭብጨባው ሳያልቅ ዝናቡ ደረሰ፤ ሚያዝያ አይደል። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ ሱቆቹ ሮጠ። ሮጦም ግድግዳ አገኘ። ካባ የለበሰውም፣ ባዶ እግሩን የመጣውም፣ ፊቱን ወደ ሲሚንቶው አዙሮ ተለጠፈ። የሁላችንም ጀርባ እኩል ራሰ። ውሃው ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ እትዬ በየነች ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፉ፣ «ምን ታደርጉታላችሁ፤ ቤቱ ኮፍያውን አዲስ አበባ ረስቶ ነው የመጣው። በሚቀጥለው መኪና ይላክለታል» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ሊቀ መንበሩም ሳቀ፤ በኋላ ማን እንደሚሳቅበት ገባውና አቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ስም «ባለኮፍያው» ነው። «ባለኮፍያው ዘንድ እንገናኝ» ይባላል። የሚገናኝ ግን የለም።

ውሃው ከጣራው ቀጥ ብሎ ደጃፉ ላይ ነው የሚወርደው። ደንበኛ መጋረጃ እንደሚገልጥ ሰው በእጁ ገልጦት ይገባል። ይህስ ይቻላል። የማይቻለው ሌላ ነው። ከሁሩሙ፣ ከያዮ በቆሎና ማር ተሸክመው የሚመጡት ሴቶች አይገቡም። «ሲሚንቶውን በጭቃ እናበላሸዋለን» ይላሉ። «ግቡ» ብትያቸው ገብተው ይቆማሉ እንጂ አይቀመጡም። ሱቅ ነዋ። ሱቅ የገባ ሰው «ምን ልስጥሽ?» ይባላል፤ መልስ ከሌለው ይወጣል። በረንዳ ላይ የተቀመጠን ሰው ግን ምን ፈለግሽ የሚለው የለም።

ይህ የገባኝ በኋላ ነው። ድንጋይ ስሸከም አልገባኝም ነበር።

የሱቁ ዕጣ ሲወጣልኝ አልቅሻለሁ፤ በደስታ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንቺ ልናገር። ሱቅ ካለኝ ትቀርልኛለች ብዬ ነበር። አድጋለች፤ በረንዳ ላይ ያደገ ልጅ ነፋስ እንደመራው ይሄዳል፤ ሱቅ ያለው ልጅ ግን ሥር አለው እያልኩ። ታፔላ መጻፍ የሚያውቅ ሰው ጠርቼ ከበሩ በላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም «ተጂቱ ልብስ ስፌት» አስጻፍኩ። ቆማ አየችው። «እማዬ፣ ስሜን ሰቅለሽ እኔን አስቀመጥሽኝ» አለችኝ። ቀልድ ነበር። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ግን ዝም እያለች መጣች። በረንዳው ላይ እያለን ከሁሉ ጋር ታወራ ነበር፤ ከባለ በቆሎዋ ጋር በቋንቋሽ፣ ከእትዬ በየነች ጋር በእኛ ቋንቋ፣ አንዱን ጀምራ በሌላው ትጨርሰው ነበር። በሱቁ ውስጥ መስታወቱን ፊት ለፊት ይዛ ትሰፋለች። ሰው በመስታወቱ ውጭ ያልፋል። «እዚህ ሰው አይቆምም፣ እማዬ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ከጨርቁ ቀና ሳትል። ሰዉ ሁሉ ስለ ገበያው ያማርር ስለነበር እሷም እንደ ሰዉ ማማረሯ ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን የመስከረሙን ገበያ ልንገርሽ።

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ነበር። የያዮ ሴቶች ሸክማቸውን አቅፈው በእኛ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ጀርባቸው በመስታወቱ ይታየኛል። አንቺን ፈለግሁ። አልነበርሽም። ተጂቱ መስፋቷን አቆመች። የስፌት መኪናውን የምንሸፍንበትን ሸራ አነሣች፣ ወጣች፣ አንዱን ጫፍ ከመስኮቱ ብረት ላይ አሰረች፣ ሌላውን በእጇ ከፍ አድርጋ ያዘች። ሴቶቹ ከሥሩ ገቡ። እሷ ራሷ ግማሿ ውጭ ነበረ። እጇ ሲዝል በሌላው እጇ ትለውጣለች። ትስቅ ነበር። ያን ሳቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩዋትና በቋንቋችሁ፣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሏት። ቋንቋሽን ለገበያ ያህል ነው የማውቀው፤ ይህን ግን ሰማሁ። ተጂቱ ወደ መስታወቱ ዞረች። አየችኝ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ተመልሳ፣ «የሁለት ሰው» አለች።

«እንግዲያ ሀብታም ነሽ በይኛ» አሉ አሮጊቷ። «እኔ የአንዷን እንኳ ጠግቤ አላደግሁም።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ በእጄ የያዝኩትን መቀስ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ያን ዕለት ነው አንቺ የት እንደምትቀመጪ ያሰብኩት። ብትመጪ የት ትቀመጫለሽ? ገብተሽ ምን ትገዣለሽ? ለሁላችንም የፈረሰብን የዝናብ መጠለያ ነው፤ ለአንቺ የፈረሰብሽ ግን ሌላ ነው። ሰው ሁሉ በአዲሱ ገበያ ያዘነው ለጀርባው ነው። እኔም እስከዚያ ቀን ለጀርባዬ ነበር ያዘንኩት።

ኩምሳ መልእክትሽን ያመጣው ከዚያ በሚቀጥለው ገበያ ነው። ቃልሽን አፍርሰሽ አይደለም የጠየቅሽው። ሳትጠይቂ የምታይበትን ቦታ ስላፈረስንብሽ ነው።

የልጅቱን ሐሳብ ጠየቅኋት። ፊቷን እያየሁ መጠየቅ ስላልቻልኩ እጅጌ እየዘመዘምኩ ነው የጠየቅኋት። «እናትሽ ለቡናው ትምጣልኝ ብላለች፤ ምን ትያለሽ?» አልኳት። «አንቺስ?» አለችኝ። «እኔ ምን?» አልኳት። «አንቺስ ክር ማን ያስገባልሻል?» አለች። «እትዬ በየነች» አልኳት። «እሳቸው እኮ መርፌውንም አያዩትም» አለችኝ። ሳቅን። ከሳቅን በኋላ መልሷን አልጠየቅኋትም። ገብቶኝ ነበር።

ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እሷ ናት፤ በአካባቢሽ ሌላ አንባቢ እንደሌለ ኩምሳ ነግሮኛል። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር አሳጥሬዋለሁ። አንዳንዱን ደግሞ ለእሷ ነው የጻፍኩት፤ አንቺ በመካከል ሆነሽ ስሚው። ወደ ቋንቋሽ ስትመልሰው ታሳምረው ይሆናል። ተጂቱ፣ እዚህ ላይ አትዝለዪ፦ ያን ዕለት «የሁለት ሰው» ስትዪ በመስታወቱ ውስጥ ያየሽው ፊት የተቆጣ ፊት አልነበረም። ዝናቡ ነው እንደዚያ ያስመሰለው።

ይኸው ነው። አሁን ወደ ታች ቀጥዪ።

እህቴ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለማማረር እንዳይመስልሽ። ሰዉ ያማርራል፤ አልፈርድበትም፤ ድንጋዩን የተሸከመው እሱ ነው። እኔ ግን ይህን ኮፍያ የሌለው ቤት ሳላመሰግነው አልቀርም። አሮጌው በረንዳ ቢኖር ኖሮ አንቺ ጥግሽ ላይ ዝናብ እየጠበቅሽ፣ እኔም እያየሁሽ እንዳላየ እየሆንኩ፣ አርጅተን እንሞት ነበር። ሁለታችንም ደግ ሰዎች ነን እያልን።

ከተማውም ሙሉ በሙሉ አልከፋም። ከተጂቱ ሸራ በኋላ ባለሱቁ ሁሉ ከደጁ አንድ ነገር መወጠር ጀመረ፤ አንዱ የቡና ጆንያ፣ ሌላው የዛገ ቆርቆሮ፣ እትዬ በየነች የሟች ባላቸውን የዝናብ ካፖርት። ኮሚቴው «የገበያውን መልክ ታበላሻላችሁ» ብሎ ያስወርዳል፤ በገበያ ቀን ተመልሶ ይወጠራል። ኦቦ ጅራታና ሌሎች ሽማግሌዎች ጎሬ ላሉት ሹማምንት አቤቱታ ጽፈዋል። «በረንዳው ያለበት ወረቀት ተፈልጎ ይላክልን» የሚል ነው። እስካሁን የተፈለገ ወረቀት የለም።

እኔ ከሱቁ ግማሹን ለእትዬ በየነች ሰጥቻለሁ። ቤቱ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል። የሚያዝዘኝ አላጣም፤ ለእኔ አታስቢ።

ስለ እሷ ጥቂት ልንገርሽ። ራሷን ሲያማት አትናገርም፤ ዝም ካለች ጠይቂያት። ጎመን አትወድም፤ አታስገድጃት። ወይም አስገድጃት፤ ለእኔ እምቢ ብላኛለች። ስትቆጣ ዕቃ ታጥባለች፤ ያኔ ተያት፣ ዕቃው ይጠራል። ጫካ አታውቅም፤ ግን ካንቺ ደም የወጣች ናትና መንገዱ ይመጣላታል። ሰው ሲያስተምራት ሁለት ጊዜ አይደግምም። ይህን ከእኔ አልወረሰችም።

ቡናው ከጥምቀት በፊት ተለቅሞ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ብርድ ልብሷን፣ ሁለቱን የዘወትር ቀሚሶቿን፣ መጽሐፏን አስሬላታለሁ። የፋሲካ ቀሚሷንም አጣጥፌ ከታች አድርጌላታለሁ። ስከተው ቆማ አየችኝ። አውጥታ አላስቀመጠችውም፤ ጫፉን አስተካከለችው።

ለእኔ የሰጠሽኝን እንዴት አድርጌ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። በየዓመቱ አስባለሁ፣ በየዓመቱ ይጠፋኛል። ዕድሜ ልኬን ለሰው ልብስ ስሰፋ ኖርኩ፤ ሰውነቴን የሸፈንሽልኝ ግን አንቺ ነሽ። ሌላ አባባል የለኝም።

ጉልበትሽ ይጽና። ንቡ ከቀፎሽ አይኮብልል። ቡናሽ በመልካም ፀሐይ ይድረቅ። ወንዶቹን ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እሷን ስታቅፊያት፣ ስለ እኔም ትንሽ ጠበቅ አድርገሽ እቀፊያት። ገለቶሚ፤ ምስጋናዬን እንኳ በቋንቋሽ ልበልሽ።

የልጅሽ እናት፣
ከመቱ።

ኩምሳ ደርሷል። ወደ ያዮ የሚወስዳቸው የጭነት መኪና ሁሩሙ ላይ ሰው ስለሚያነሣ አይቆይም ይላል። ተጂቱ ነጠላዋን ለብሳ ከፊቴ ቆማለች፣ ወረቀቱን ትጠብቃለች። አንድ መስመር ቀርቶኛል አልኳት። ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም። «ጨርሺ፣ ውጭ ሆኜ እጠብቅሻለሁ» አለችኝ። ጥቅልሏን አንሥታ ወጣች። በሩን ዘጋችው።